ከአምበልነት ወደ አሰልጣኝነት፦ የሕንዳዊው ራህል ድራቪድ የ17 ዓመት ጉዞ

እ.ኤ.አ ጁን 29 ቀን 2024 በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው የባርቤዶስ ደሴት፣ በብሪጅታውን ከተማ በተካሄደው የዓለም የትዌንቲ ትዌንቲ ክሪኬት ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ሕንድ ደቡብ አፍሪካን በሰባት ነጥብ ልዩነት አሸንፋ የዋንጫው ባለቤት ሆናለች። ተጫዋቾቹ ዋንጫውን እየተቀባበሉ ደስታቸውን በሚገልጹበት ወቅት፣ የቡድኑ አንጋፋ ተጫዋች ቪራት ኮህሊ ዋንጫውን ወስዶ ለዋና አሰልጣኙ ለራህል ድራቪድ አስረከበው። በጨዋታ ዘመኑ ሁሉ በእርጋታውና በዝምታው የሚታወቀው ድራቪድ፣ ዋንጫውን ከፍ አድርጎ በሙሉ ድምፁ ሲጮህ በዓለም ዙሪያ የሚገኙ ተመልካቾች ተመልክተውታል።

የዚያን ዕለት ጩኸት ምክንያት ለመረዳት 17 ዓመታት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ በማርች 2007 በዚያው በካሪቢያን አካባቢ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ፣ ድራቪድ በአምበልነት የመራው የሕንድ ቡድን ገና በመጀመሪያው ዙር ተሰናብቶ ወደ አገሩ ተመልሶ ነበር። በእነዚህ ሁለት ክስተቶች መካከል ያለው ጊዜ፣ አንድ መሪ በሽንፈት ከተሰናበተበት መስክ በሌላ ኃላፊነት ተመልሶ ምን ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳይ ነው።

ስለ ስፖርቱ ጥቂት ማለት አስፈላጊ ይሆናል። ክሪኬት በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች የሚሰለፉበት ጨዋታ ነው። አንደኛው ቡድን ኳስ ሲወረውር የሌላው ቡድን ተጫዋቾች ሁለት ሁለት እየሆኑ ገብተው ኳሱን በእንጨት መምቻ ይመታሉ። መቺዎቹ በሜዳው መካከል ከጫፍ ጫፍ ሲሮጡ ወይም የተመታው ኳስ ከሜዳው ወሰን ሲያልፍ ነጥብ ይቆጠራል። ከመቺው ኋላ የተተከሉት ሦስት ችካሎች በኳስ ከተመቱ፣ ወይም የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተያዘበት፣ መቺው ከሜዳ ይወጣል። 10 መቺዎች ሲወጡም የቡድኑ ተራ ያበቃል። ጨዋታው ሦስት ዓይነት ሲሆን፣ እነርሱም እስከ አምስት ቀን የሚዘልቀው ቴስት፣ እያንዳንዱ ቡድን 300 ኳስ የሚጠብቅበት የአንድ ቀን ጨዋታ እና በ120 ኳስ የሚያበቃው ትዌንቲ ትዌንቲ ናቸው።

በዚህ ስፖርት የአምበል ኃላፊነት ከእግር ኳስ አምበል የሰፋ ነው። ማን እንደሚወረውር፣ ተከላካዮች የት እንደሚቆሙ፣ በቴስት ጨዋታም የቡድኑ ተራ መቼ እንደሚዘጋ በሜዳ ላይ የሚወስነው አምበሉ ነው። የአሰልጣኙ ሥራ በአመዛኙ ከጨዋታው በፊት የሚከናወን ዝግጅት ነው። በሌላ አነጋገር አምበል በሰዓቱ ውሳኔ ሲመዘን፣ አሰልጣኝ አስቀድሞ ባዘጋጃቸው ሰዎች ይመዘናል። ድራቪድ በሁለቱም ሚዛን ያለፈ ሰው ነው።

ራህል ድራቪድ እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 11 ቀን 1973 በማዕከላዊ ሕንድ በምትገኘው የኢንዶር ከተማ ተወልዶ ያደገው በደቡባዊቷ የባንጋሎር ከተማ ነው። አባቱ ማርማላታ በሚያመርት ኩባንያ ውስጥ ይሠሩ የነበረ ሲሆን፣ ባልደረቦቹ «ጃሚ» የሚል የቁልምጫ ስም ያወጡለት በዚህ ምክንያት ነው። እናቱ ደግሞ የሥነ ሕንፃ መምህርት ነበሩ። ድራቪድ በንግድ ሥራ ትምህርት በዲግሪ የተመረቀ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን የቴስት ጨዋታ ያደረገው እ.ኤ.አ በጁን 1996 በለንደኑ የሎርድስ ሜዳ ነው። በዚያ ጨዋታ 95 ነጥብ ያስቆጠረ ቢሆንም፣ አብሮት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው ሱራቭ ጋንጉሊ 131 በማስቆጠሩ የዕለቱ ወሬ ስለ ጋንጉሊ ሆነ። ከሌላ ሰው ጥላ ሥር ሆኖ መሥራት ከዚያ በኋላም የድራቪድ የጨዋታ ሕይወት መለያ ሆኖ ቆይቷል።

«ግንቡ» የሚለውን ቅጽል ያገኘውም ለረጅም ሰዓታት ሳይወጣ ኳስን በመመከት ችሎታው ነበር። እ.ኤ.አ በማርች 2001 በኮልካታ ከተማ ኤደን ጋርደንስ ሜዳ ከአውስትራሊያ ጋር የተደረገው ጨዋታ ለዚህ ዋነኛው ማስረጃ ነው። አውስትራሊያ 16 የቴስት ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸንፋ የመጣች ሲሆን፣ ሕንድም በመጀመሪያው ተራ በ274 ነጥብ ተበልጣ ወዲያውኑ ደግማ እንድትገባ ተገድዳ ነበር። ድራቪድና ላክሽማን ግን በጨዋታው አራተኛ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አንዳቸውም ሳይወጡ ውለው በጥምረት 376 ነጥብ አስቆጠሩ። ላክሽማን 281፣ ድራቪድ 180 ያስመዘገቡ ሲሆን፣ ሕንድ በመጨረሻው ቀን በ171 ነጥብ አሸንፋለች። የድሉ ዋነኛ ጀግኖች ተብለው የተወደሱት ላክሽማንና ወርዋሪው ሃርባጃን ሲንግ ነበሩ።

ድራቪድ በአምበልነት ከባድ ውሳኔ ለመወሰን የማያመነታ ሰው መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ በማርች 2004 በፓኪስታን ሙልታን ከተማ ነው። ዋናው አምበል ጋንጉሊ በጉዳት ምክንያት ባለመሰለፉ ቡድኑን የመራው ድራቪድ፣ የአገሪቱ ታላቅ ተጫዋች ሳቺን ቴንዱልካር 194 ነጥብ ላይ ሆኖ ለ200 ስድስት ብቻ ሲቀረው የቡድኑን ተራ ዘጋ። ዓላማው ለወርዋሪዎቹ በቂ ጊዜ ማስገኘት ነበር። ሕንድ ጨዋታውን በሰፊ ልዩነት በማሸነፍ በፓኪስታን ምድር የመጀመሪያውን የቴስት ድሏን ብታስመዘግብም፣ ውሳኔው በሕንድ ሕዝብ ዘንድ ለዓመታት አከራክሯል። ቴንዱልካርም በወቅቱ ማዘኑን፣ ነገር ግን ጉዳዩ ወዳጅነታቸውን እንዳላበላሸው በሕይወት ታሪክ መጽሐፉ ገልጿል።

እ.ኤ.አ በ2005 መጨረሻ ድራቪድ ጋንጉሊን ተክቶ የቡድኑ ቋሚ አምበል ሆነ። በወቅቱ ዋና አሰልጣኝ በነበረው በአውስትራሊያዊው ግሬግ ቻፔልና በነባር ተጫዋቾች መካከል የተፈጠረው አለመግባባት የአምበሉን ሥራ አክብዶት ነበር። ያም ሆኖ ቡድኑ በ2006 በዌስት ኢንዲስ ከ1971 ወዲህ የመጀመሪያውን የቴስት ተከታታይ ውድድር ድል ያገኘ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር በደቡብ አፍሪካ ምድር የመጀመሪያውን የቴስት ጨዋታ አሸንፏል።

ይሁንና በ2007ቱ የዓለም ዋንጫ የደረሰው ሽንፈት ይህን ሁሉ ሸፈነው። ማርች 17 ቀን በትሪኒዳድ ፖርት ኦፍ ስፔን ከተማ በዝቅተኛ ግምት ይታይ የነበረው የባንግላዴሽ ቡድን ሕንድን አሸነፈ። ሕንድ ቤርሙዳን በሰፊ ልዩነት ብትረታም፣ ማርች 23 ቀን በስሪላንካ በ69 ነጥብ ተሸንፋ ከውድድሩ ወጣች። ስሪላንካ ጨዋታውን በምታጠናቅቅበት ሰዓት የሕንዱ አምበል እንባ በተቃረበ ፊት ተቀምጦ የሚያሳየው ምስል በአገሪቱ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተደጋግሞ ታይቷል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ በቡድኑ ላይ ከየአቅጣጫው ወቀሳ የዘነበበት ሲሆን፣ በአንዳንድ ከተሞች የተቆጡ ደጋፊዎች የተጫዋቾችን ምስል እስከማቃጠል ደርሰዋል። አሰልጣኝ ቻፔልም በአፕሪል ወር ሥራውን ለቀቀ።

ድራቪድ በዚያው ዓመት ክረምት ቡድኑን ወደ እንግሊዝ ይዞ ሄዶ ከ1986 ወዲህ በዚያች አገር የመጀመሪያውን የቴስት ተከታታይ ውድድር ድል አስመዝግቧል። ከድሉ በኋላ በሴፕቴምበር ወር ማንም ሳያስገድደው አምበልነቱን በፈቃዱ ለቀቀ። በዚያው ወር በደቡብ አፍሪካ በተካሄደው የመጀመሪያው የትዌንቲ ትዌንቲ የዓለም ዋንጫ እርሱን፣ ቴንዱልካርንና ጋንጉሊን የመሳሰሉ ነባር ተጫዋቾች ቦታውን ለወጣቶች ለቀው የነበረ ሲሆን፣ በማሄንድራ ሲንግ ዶኒ የተመራው ወጣት ቡድን ዋንጫውን አነሳ። ከዚያ በኋላ ሕንድ ይህንኑ ዋንጫ ዳግመኛ ለማግኘት 17 ዓመታት መጠበቅ ግድ ሆኖባታል።

ድራቪድ እ.ኤ.አ በማርች 2012 ከዓለም አቀፍ ጨዋታ ሲሰናበት 164 የቴስት ጨዋታዎችን አድርጎ 13 ሺህ 288 ነጥብ አስቆጥሮ ነበር። በአንድ ተራ 100 እና ከዚያ በላይ ነጥብ ያስመዘገበው ደግሞ 36 ጊዜ ነው። በቴስት ክሪኬት ታሪክ የእርሱን ያህል ብዛት ያለው ኳስ የገጠመ ተጫዋች የለም፤ ቁጥሩም ከ31 ሺህ በላይ ነው።

እንዲህ ያለ ስም ያለው ሰው ከጨዋታ በኋላ የተሻለ ገቢና ያነሰ ድካም ያለባቸው በርካታ አማራጮች ነበሩት። ድራቪድ ግን እ.ኤ.አ በ2015 ከ19 ዓመት በታች ወጣቶችንና «ሕንድ ኤ» በመባል የሚታወቀውን ሁለተኛውን ብሔራዊ ቡድን ለማሰልጠን ተስማማ። እነዚህ ቡድኖች ብዙ ተመልካች የላቸውም፤ ጨዋታዎቻቸውም በጋዜጦች የፊት ገጽ አይወጡም። ይሁንና ዋናው ብሔራዊ ቡድን ሰው የሚያገኘው ከዚያ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ድራቪድ ተግባራዊ ያደረጋቸው አሠራሮች በጣም ቀላል የሚመስሉ ነበሩ። አንደኛው፣ ወደ ውጭ አገር የሚጓዝ የሕንድ ኤ ቡድን አባል የሆነ ተጫዋች ሁሉ ቢያንስ አንድ ጨዋታ ሳይሰለፍ እንዳይመለስ ማድረግ ነው። ድራቪድ ራሱ በወጣትነቱ ለጉዞ ተመርጦ ሳይጫወት የመመለስን ስሜት ያውቀው እንደነበር ተናግሯል። ሁለተኛው፣ አንድ ወጣት ከ19 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይሳተፍ የሚለው ሐሳቡ ነው። በሕንድ ክሪኬት ቁጥጥር ቦርድ ተቀባይነት ያገኘው ይህ ሐሳብ ለበርካታ ወጣቶች ዕድል ከመክፈቱም ሌላ፣ ተጫዋቾች በወጣቶች ደረጃ ዝና ረክተው እንዳይቀሩ የታሰበ ነበር።

ሦስተኛው የዕድሜ ማጭበርበር ጉዳይ ነው። ድራቪድ እ.ኤ.አ በዲሴምበር 2015 በዴልሂ ባደረገው ንግግር፣ ዕድሜውን ቀንሶ የሚመዘገብ ወጣት የሐቀኛውን ልጅ ቦታ እንደሚነጥቅ፣ ወላጆችና አሰልጣኞች የልደት ማስረጃ ሲያስለውጡ ለልጁ የሚያስተምሩት ማታለልን መሆኑን በግልጽ ተናግሯል። በወጣቶች ውድድር ማሸነፍ ብቻውን ግብ ከሆነ ማጭበርበርን እንደሚጋብዝ የነበረው እምነት ከሌሎቹ አሠራሮቹ ጋር የተያያዘ ነበር።

ውጤቱ ወዲያውኑ አልመጣም። በ2016 በባንግላዴሽ በተካሄደው ከ19 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ሕንድ በፍጻሜው በዌስት ኢንዲስ ተሸነፈች። በፌብሩዋሪ 2018 በኒውዚላንድ በተካሄደው ውድድር ግን በፕሪትቪ ሾው የተመራው ቡድን በፍጻሜው አውስትራሊያን በቀላሉ አሸንፎ ዋንጫውን ወስዷል።

ከዚህ ድል በኋላ የተፈጸመ አንድ ጉዳይ በሕንድ ሰፊ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ቦርዱ ለድራቪድ 5 ሚሊዮን ሩፒ፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 3 ሚሊዮን ሩፒ፣ ለሌሎች የአሰልጣኝ ቡድኑ አባላት ደግሞ ለእያንዳንዳቸው 2 ሚሊዮን ሩፒ ሽልማት እንደሚሰጥ አስታወቀ። ድራቪድ ግን ከረዳቶቹ በላይ ለእርሱ የተመደበውን ገንዘብ ተቃወመ። ሥራው የጋራ ከሆነ በባለሙያዎቹ መካከል ልዩነት ሊኖር አይገባም የሚል አቋም በመያዙ፣ ቦርዱ ውሳኔውን አሻሽሎ ድራቪድን ጨምሮ ለእያንዳንዱ ባለሙያ 2 ነጥብ 5 ሚሊዮን ሩፒ እንዲሰጥ አደረገ። በዚህም ዋና አሰልጣኙ ከተመደበለት ገንዘብ ግማሹን አጥቷል፤ ረዳቶቹ፣ የሰውነት ማጎልመሻ አሰልጣኙና የሕክምና ባለሙያው ግን ከታሰበላቸው በላይ አግኝተዋል።

ድራቪድ በጁላይ 2019 በባንጋሎር የሚገኘው የብሔራዊ ክሪኬት አካዳሚ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። የዓመታቱ ዝግጅት የተፈተነው በጃንዋሪ 2021 በአውስትራሊያ ብሪስቤን ከተማ ነው። በዚያ ጉዞ የሕንድ ቡድን አብዛኞቹን ቋሚ ተሰላፊዎቹን በጉዳት ያጣ ሲሆን፣ አውስትራሊያም በብሪስቤን ሜዳ ከ1988 ወዲህ በቴስት ጨዋታ አልተሸነፈችም ነበር። እንደ ሹብማን ጊል፣ ሪሻብ ፓንት፣ ሞሃመድ ሲራጅና ዋሺንግተን ሱንዳር ያሉ፣ በወጣቶች ወይም በሕንድ ኤ ቡድን ያለፉ ተጫዋቾች ግን ጨዋታውን አሸንፈው የተከታታይ ውድድሩን ዋንጫ ወደ አገራቸው ይዘው ተመለሱ። በርካታ ተንታኞች ምስጋናውን ለድራቪድ ሲሰጡ፣ እርሱ ግን ምስጋናው ለተጫዋቾቹ እንጂ ለእርሱ እንደማይገባ ነበር የገለጸው።

ድራቪድ በኖቬምበር 2021 የዋናው ብሔራዊ ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሲሆን የተጠበቀው ድል በፍጥነት አልመጣም። ቡድኑ በ2022 መጀመሪያ በደቡብ አፍሪካ የቴስት ተከታታይ ውድድር ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር በትዌንቲ ትዌንቲ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ እንግሊዝ አንድም መቺ ሳይወጣባት አሸነፈችው። በጁን 2023 ደግሞ በዓለም የቴስት ሻምፒዮና ፍጻሜ በአውስትራሊያ ተረታ። በዚህ ወቅት አሰልጣኙ ለወጣቶች እንጂ ለዋናው ቡድን አይሆንም፣ የቡድኑም አጨዋወት ጥንቃቄ ያበዛል የሚሉ ትችቶች በርክተው ነበር።

ከሁሉም የከበደው ግን በኖቬምበር 2023 በሕንድ የተካሄደው የዓለም ዋንጫ ነው። ቡድኑ አሥር ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸንፎ ለፍጻሜ ቢደርስም፣ በአህመዳባድ ከተማ በአገሩ ሕዝብ ፊት በአውስትራሊያ ተሸነፈ። የድራቪድ የሥራ ውልም በዚሁ አበቃ። ድራቪድ ኃላፊነቱን ለመልቀቅ አስቦ እንደነበርና አምበሉ ሮሂት ሻርማ ስልክ ደውሎ እስከሚቀጥለው የዓለም ዋንጫ እንዲቆይ እንደጠየቀው ከጊዜ በኋላ ታውቋል። ድራቪድ በባርቤዶስ ከተጫዋቾቹ ጋር በተሰናበተበት ዕለት አምበሉን ስለዚያ የስልክ ጥሪ አመስግኗል።

የባርቤዶሱ የፍጻሜ ጨዋታም ወደ ሌላ ሽንፈት ሲያመራ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ለማሸነፍ በ30 ኳስ 30 ነጥብ ብቻ የሚያስፈልጋት ደረጃ ላይ ደርሳ ነበር። በዚህን ጊዜ የሕንድ ወርዋሪዎች ነጥብ እንዳይቆጠር አጥብቀው በመከላከል ጨዋታውን ቀለበሱት። በመጨረሻው ምዕራፍ ሱርያኩማር ያዳቭ በሜዳው ወሰን ላይ የያዘው ኳስ አደገኛውን መቺ ዴቪድ ሚለርን አስወጣ። በዕለቱ ከመጨረሻው በፊት ያለውን ስድስት ኳስ ወርውሮ አራት ነጥብ ብቻ የሰጠው አርሽዲፕ ሲንግ፣ በ2018ቱ የድራቪድ የወጣቶች ቡድን አባል ነበር። በዕለቱ የተሰለፈው ሪሻብ ፓንትም በ2016ቱ ፍጻሜ ከተሸነፉት ወጣቶች አንዱ ነው።

ቦርዱ ለቡድኑ 1 ነጥብ 25 ቢሊዮን ሩፒ ሽልማት ባበረከተ ጊዜ፣ በሕንድ መገናኛ ብዙኃን እንደተዘገበው ለዋና አሰልጣኙ 50 ሚሊዮን፣ ለመቺዎች፣ ለወርዋሪዎችና ለተከላካዮች አሰልጣኞች ደግሞ ለእያንዳንዳቸው 25 ሚሊዮን ሩፒ ተመድቦ ነበር። ድራቪድ በዚህ ጊዜም ድርሻው ከባልደረቦቹ ጋር እኩል እንዲሆን ጠይቆ 25 ሚሊዮን ሩፒ ብቻ ለመውሰድ ወስኗል። በ2018 ያሳየው አቋም በገንዘቡ መጠን ማደግ እንዳልተለወጠ የተመለከቱ ሰዎች ከዋንጫው ባልተናነሰ አድንቀውታል።

እርግጥ ነው፣ የሕንድ ክሪኬት ስኬት የአንድ ሰው ሥራ ውጤት ብቻ አይደለም። ቦርዱ በዓለም ላይ ካሉት የክሪኬት ተቋማት ሁሉ ከፍተኛ ገቢ ያለው ነው። በ2008 የተጀመረው የሕንድ ፕሪሚየር ሊግም ወጣቶች ከታላላቅ ተጫዋቾች ጋር በየዓመቱ የሚፈተኑበት መድረክ ሆኗል። በየክፍለ ግዛቱ የሚገኙ አሰልጣኞች ድርሻም ቀላል አይደለም። አሰልጣኝነትም ቢሆን ለድራቪድ ሁልጊዜ የተሳካ አልነበረም። በሴፕቴምበር 2024 የራጃስታን ሮያልስ ክለብ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ በ2025ቱ ውድድር፣ እግሩ ተጎድቶ በተሽከርካሪ ወንበርና በክራንች እየታገዘ ቢሠራም፣ ቡድኑ ከአሥር ክለቦች ዘጠነኛ ሆኖ ጨርሷል። በኦገስት 2025ም በክለቡ ሌላ ሰፋ ያለ ኃላፊነት ቢቀርብለትም ሳይቀበል ተሰናብቷል።

ይሁን እንጂ አሰልጣኝ በትቷቸው በሄዱ ሰዎች ይመዘናል ከተባለ፣ ሚዛኑ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። በ2018ቱ የወጣቶች ዓለም ዋንጫ የውድድሩ ኮከብ ተጫዋች የነበረው ሹብማን ጊል በሜይ 2025 የሕንድ የቴስት ቡድን አምበል ሆኖ ሲሾም፣ ሪሻብ ፓንት ደግሞ ምክትሉ ሆኗል። ሁለቱም ጋዜጦች በማይከተሏቸው የወጣቶች ጨዋታዎች ዘመን ከድራቪድ ጋር የሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ በ2007 በፖርት ኦፍ ስፔን በሐዘን ተውጦ የታየው አምበል፣ ከ17 ዓመታት በኋላ ዋንጫውን ያነሳው በሌሎች እጅ ነው፤ ያም ዋንጫ የተገኘው ማንም ባልተመለከታቸው ዓመታት በተሠራ ሥራ ነው።